ባዶው መስታወት ላይ የተቀመጠችው

ይሄ ነገር በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። እውነት ነው። ካላመናችሁኝ ባሌን ጠይቁት...

«አላውቃትም» ነው የሚላችሁ።

እሱን መጨረሻ ላይ እንደርስበታለን።

አስፈሪ ነገር ሁሉ በጨለማ የሚመጣ ይመስላችኋል አይደል? መብራት ጠፍቶ፣ ውሻ እያላዘነ...

የእኔ የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ። ክፍሉ ነጭ ነው። መስኮቱ ተከፍቷል። ታች ግቢው ውስጥ አንድ ሾፌር እያፏጨ መኪናውን ያጥባል።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ቀናተኛ ነኝ። አልደብቅም።

የባሌ ስልክ ከጮኸ እኔ አንገቴን አስግጌ «ማናት?» እላለሁ። «ማን ነው?» አይደለም የምለው። ወንድ ሊሆን ይችላል ብዬ አላስብማ!

ባሌ ደግሞ አይናደድም። ይስቃል። ከሆዱ ነው የሚስቀው፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። በኋላማ ስሜን ትቶ «ማናት» ብሎ ይጠራኝ ጀመር።

«ማናት፣ ቁልፌን አይተሻል?»

«ማናት፣ ነይ እንጂ፣ እራቱ ቀዘቀዘ።»

ያንን ሳቁን ስሰማ ቅናቴ ብን ብሎ ይጠፋል። ለሌላ ሰው እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። የእኔ ብቻ ነበር።

የምንሠራው አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ነው። እኔ ምድር ቤት፣ የኮምፒውተር ጥገና ክፍል። እሱ ፎቅ ላይ፣ «ሚዛኑ» ጋር።

ሚዛን ስላችሁ የሽንኩርት ሚዛን እንዳይመስላችሁ። ቁም ሳጥን የሚያክል ማሽን ነው። የሚመዝነው ሞለኪውል ነው። እንደ ልጣጭ የሳሳች የሥጋ ቁራጭ፣ ብዙ ጊዜ የአይጥ ኩላሊት፣ መስታወት ላይ ትለጠፋለች። ማሽኑ በጨረር ነጥብ በነጥብ፣ መስመር በመስመር እየመታ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ምን ምን ክብደት ያለው ነገር እንዳለ ይመዘግባል። በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ክብደት ትመርጣላችሁ፣ ያ ነገር የት የት እንዳለ ሥዕል ሆኖ ይወጣላችኋል።

ችግሩ ማሽኑ የሚጽፈው በራሱ ቋንቋ ነው። ሌላ ፕሮግራም አያነበውም። ስለዚህ መሃል ላይ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ፋይሉን ሁሉም ወደሚያነበው ዓይነት የሚቀይር ፕሮግራም። እኛ «መቀየሪያው» ነው የምንለው።

የባሌ ኮምፒውተር ተቃጠለና አዲስ ተገዛለት። መቀየሪያውን አዲሱ ላይ የምጭነው ደግሞ እኔ ነኝ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ተኳርፈናል።

አንዲት ሴት ደውላለት ነበር። ለማሽኑ ጋዝ የምታቀርብ ነጋዴ ናት። ይሄን ያወቅሁት ግን ካኮረፍኩ በኋላ ነው። አንዴ ካኮረፍኩ ደግሞ ነገሬን አልመልስም።

ምሳ ሊበላ ሲወጣ ጠብቄ ገባሁ። ፕሮግራሙን ጫንኩት። አልከፈትም አለ። ማሽኑን የሠራው ፋብሪካ የሚያወጣው አንድ አጋዥ ፋይል ጎድሎት ነው። እሱን ፈልጌ ጎኑ አስቀመጥኩለት። አሁንም እምቢ! ፋይሎቹ ያሉበት አቃፊ ስም መሃሉ ላይ ክፍት ቦታ አለው፣ መቀየሪያው ደግሞ ክፍት ቦታ አይወድም። አጠጋጋሁለት።

ተከፈተ።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ጨረሩ የሚሄደው እንዴት ነው? «በአንድ አቅጣጫ» ወይስ «ሄዶ መለስ»?

አንዳንዱ ማሽን መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ ይጨርስና ለሚቀጥለው መስመር እንደገና ከግራ ይጀምራል፣ መጽሐፍ እንደሚያነብ ሰው። ሌላው ደግሞ ሄዶ፣ ዞሮ፣ እየመታ ይመለሳል፣ ወለል እንደሚወለውል ሰው።

የእኛ የትኛው ነው? ባሌ ያውቃል። ስልክ አንሥቼ አንዲት ጥያቄ ብጠይቀው አለቀ።

ግን ተኳርፈናላ! ማን ቀድሞ ይደውላል? እኔ? ሞቼ ነው!

«ሄዶ መለስ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

መሞከሪያ ፋይል ፈለግሁ። ባሌ ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት፣ ኩላሊቱን ከማስገባቱ በፊት፣ ምንም ያልተለጠፈበት ንጹሕ መስታወት ያስመታል። ማሽኑ ንጹሕ መሆኑን ለማየት ነው። ሥዕሉ ጥቁር መሆን አለበት። ባዶ።

ፋይሉን ቀየርኩት። የመጣልኝን ክብደት ጻፍኩ። ሥዕሉ ተከፈተ...

ባዶ አልነበረም።

ሴት ናት።

ጀርባዋን ሰጥታኝ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ትከሻዋ... አንገቷ... ወደ ላይ የተያዘ ፀጉሯ... ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። ወይም እግሬ አውጪኝ ብሎ ይሮጥ ነበር።

እኔ ግን ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ?

«ማናት?»

ድምፄ ባዶው ክፍል ውስጥ አስተጋባ። ውጭ ሾፌሩ ማፏጨቱን አቆመ።

ባሌ ሲመለስ ኩርፊያዬን ረስቼ ጠበቅሁት። በጣቴ አሳየሁት።

«ይቺ ማናት?»

አየ። ረጅም ጊዜ አየ። እኔን እንኳ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

«ምን ማናት አለው? ባዶ መስታወት ነው» አለኝ።

«ዓይን የለህም እንዴ? ሴት ናት!»

«ቆሻሻ ነው። የጣት አሻራ ይሆናል።»

«የጣት አሻራ ወንበር ላይ ይቀመጣል?»

አልሳቀም። እዚህ ላይ መሳቅ ነበረበት፣ አልሳቀም። ጎንበስ አለና በሹክሹክታ...

«በቃ፣ ጥሩ አድርገሽ ጭነሽዋል። ከዚህ በኋላ አትንኪው።»



በነጋታው ሰበብ ፈጥሬ ፎቅ ወጣሁ። እሱ የለም። የኩላሊቱን ሥዕል ከፈትኩት፣ ክው አልኩ። ብጥስጥሱ ወጥቷል። ኩላሊት ሳይሆን የተበላሸ ማበጠሪያ ነው የሚመስለው። ወዲያው ገባኝ፣ ማሽኑ «በአንድ አቅጣጫ» ነው የሚመታው። እኔ «ሄዶ መለስ» ስላልኩት አንድ መስመር በትክክል፣ አንድ መስመር ወደ ኋላ እየተገለበጠ ነው የተቀየረው።

እሺ። ስህተት ነው፣ ይስተካከላል።

ግን ስህተቴ ኩላሊቱን እንደዚያ ከበጣጠሰው... ሴትዮዋ ለምን አልተበጣጠሰችም?

የዚያኑ ዕለት ጠዋት የተመታውን ባዶ መስታወት ከፈትኩ።

አለች። ወንበሯ ላይ።

አንገቷ ትንሽ ዞሯል። የጆሮዋ ጫፍ ይታያል።

ማታ እቤት ለባሌ ነገርኩት። «መቀየሪያው ላይ ተሳስቻለሁ። ሥዕሎችህ በሙሉ ተበላሽተዋል። ነገ አስተካክልልሃለሁ።»

ሥራው ላይ ነጥብ ብትጎድል እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ያኔ ግን ትከሻውን ሰበቀ።

«ተይው።»

«እንዴት ተይው? ኩላሊቱ እኮ...»

«ተይው አልኩሽ። ደግሞ ይሄን ምሳ ላይ ነግረሽኝ የለ?»

«ምሳ ላይ? እኔ ምሳ የበላሁት ምድር ቤት ነው። ለብቻዬ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ እንደ ቀልድ ፈገግ አለና ወደ ሳህኑ ተመለሰ።

አያችሁ፣ ማስፈራቱ ያን ያህል አልነበረም። የሚያንገበግበው ሌላው ነው! ባሌ ምሳ ሰዓት ላይ ከሆነች ሴት ጋር ይጫወታል፣ ያቺ ሴት ደግሞ የእኔን ወሬ ትነግረዋለች። እኔ ማታ ስመጣ ወሬዬ አሮጌ ሆኖ ይጠብቀኛል።

የዕቃ ክፍሏ እትዬ በማግሥቱ ኮሪደር ላይ ያዙኝ። እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው፣ ግን ሳይቀልዱ አይውሉም።

«አንቺ ልጅ፣ ኩራት ጀመረሽ?»

«ምነው እትዬ?»

«ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ሚዛኑ ክፍል ከባልሽ ጋር ተቀምጠሽ ሰላም ብልሽ ዝም። ጀርባሽን ሰጥተሽኝ! ፍቅር እንደ አዲስ ሲሆን ሰላምታ ይከለክላል?»

ሳቁ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ። ጥርሴ ብቻ ነው የተከፈተው።

«እትዬ... እኔ መሆኔን በምን አወቁ?»

«በምን አውቃለሁ! በዚህችው ነዋ» አሉና አንገቴ ላይ ያለውን አረንጓዴ ሻርፕ ጎተት አደረጉት። ጫፉ የተተረተረ ነው። በር ላይ ተይዞብኝ።

ቀጥ ብዬ ፎቅ ወጣሁ። የዕለቱን ባዶ መስታወት ከፈትኩ።

አሁን ጉንጯ ይታያል። አንገቷ ላይ ሻርፕ አለ።

ጫፉ ተተርትሯል።

ፀጉሯ ላይ ያለው መቆንጠጫ ደግሞ አንድ ጥርሱ ወልቋል። እጄን ወደ ራሴ ላይ ሰደድኩ። የእኔን መቆንጠጫ ዳበስኩት... ያ ጥርስ የለም።

ከዚህ በኋላ እቤት ውስጥ የነበረውን ኑሮ ምን ብዬ ልንገራችሁ? ባሌ ደስተኛ ሆነ። ጠዋት ሲላጭ ያንጎራጉራል። እኔን ግን ማየት ትቷል። ሳወራው «እህ» ይላል፣ አንድ ታሪክ ሁለተኛ ጊዜ እንደሚነገረው ሰው። «ማናት» ብሎ መጥራቱንም ተወ። ስልኩ ጮኾ «ማናት?» ስለው እንኳ «እ?» ብቻ።

ስሜን ለሌላ ሰው እንደሰጠው ገባኝ።

አንጀቴ አረረ። እርር ድብን አልኩ!

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ጫማዬን አውልቄ፣ በእጄ ይዤ ኮሪደሩን ተሻገርኩ። የሚዛኑ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ጆሮዬን ለጠፍኩ።

ባሌ ቀስ ብሎ ያወራል። ከዚያ ዝም ይላል። ከዚያ...

«ማናት?» የሚል ድምፅ።

ሹክሹክታ ነው። የሴት ነው።

ከዚያ ባሌ ሳቀ። ያንን ሳቅ! ከሆዱ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ የሚስቀውን ሳቅ!

በሩን በርግጄ ገባሁ።

ብቻውን ነው።

ከጎኑ ሌላ ወንበር አለ። እኔ ቁመቴ አጭር ስለሆነ ወንበር ሁልጊዜ ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ነው የምቀመጠው። ያም ወንበር ከፍ ተደርጓል። በመዳፌ ነካሁት።

ይሞቃል።

«ከማን ጋር ነበርክ?»

«ካንቺ ጋር ነዋ።»

«እኔ አሁን ነው የገባሁት!»

«ቀስ በይ... አትጩኺ» አለኝ በሹክሹክታ፣ ስክሪኑን በዓይኑ እየጠቆመ። «ትሰማለች።»

እሱ ግን ራሱ ያለውን የሰማ አይመስልም፣ ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ።

አሁን እናንተ «ለምን ጥለሽ አልሄድሽም?» ትሉኛላችሁ። ወዴት ነው የምሄደው? ባሌን ለማን ትቼ? እሷ የገባችው እኔ በሠራሁት ስህተት ነው። በኩርፊያዬ ያደረግሁት ምልክት ነው የከፈተላት። ያስገባኋት እኔ፣ የማስወጣትም እኔ!

በማግሥቱ ከሰዓት ዕቃ ክፍል ደወልኩና «እትዬ፣ ባሌን ጥሩትና እባክዎ ትንሽ ያቆዩልኝ» አልኳቸው። እሳቸው ነገሩን ልደቱን ላከብርለት ነው ብለው ተረጎሙት፣ ደስ አላቸው። ባሌ ወረደ። እኔ በሌላው ደረጃ ወጣሁ።

ከመንቀሌ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ከፈትኳት።

ልትዞር ትንሽ ነው የቀራት። ግማሽ ፊቷ ጥላ ውስጥ ነው። የከንፈሯ ጫፍ ግን ይታያል...

ፈገግ ብላለች።

«ሳቂ!» አልኳት። «ሳቂ፣ አሁን አሳይሻለሁ!»

መቀየሪያውን ከሥሩ ነቀልኩት። አቃፊውን፣ አጋዡን ፋይል፣ ሁሉንም አጠፋሁ። እንደ አዲስ ጫንኩ። ጥያቄው መጣ። «በአንድ አቅጣጫ» ወይስ «ሄዶ መለስ»?

በአንድ አቅጣጫ።

«የድሮው ቅንብር ይጥፋ?» አለኝ።

ይጥፋ! ይጥፋ እንጂ!

ኩላሊቱን ቀየርኩት። ጥርት ብሎ፣ ሙሉ ሆኖ፣ ባቄላ መስሎ ወጣ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ባዶውን መስታወት ቀየርኩት...

ሴትዮዋ የለችም።

እሰይ! ተነቀለች!

ወንበሩ ግን አለ። ባዶውን። ትንሽ ወደ ኋላ ተገፍቷል፣ ሰው አሁን ተነሥቶ እንደሄደበት ወንበር።

ልብ አላልኩትም። ደስታዬ ዓይኔን ጋርዶታል። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። ዛሬ ባሌን ይዤ እወጣለሁ፣ ይጠራኛል፣ ይስቅልኛል...

እትዬ የዕቃ ክፍሉን በር እየቆለፉ ነበር። ሲያዩኝ እጃቸው ቁልፉ ላይ ቀረ።

«ምን ረሳሽ?»

«ምንም። ባሌስ?»

«ባልሽማ...» ወደ ግቢው በር አዩ። ወደ እኔ አዩ። «አሁን አንቺ መጥተሽ አልወሰድሽውም እንዴ? ክንዱን ይዘሽ፣ ‹እትዬ፣ አመሰግናለሁ› ብለሽኝ...»

የተናገርኩትን አላስታውስም። ሮጥኩ።

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። መንገዱ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ሁሉም ነገር እንደወትሮው ነበር፣ እኔ ብቻ እንደ እብድ እሮጣለሁ።

ቤታችን ደረስኩ። ቁልፌን አስገባሁ። አልዞርም አለ። ከውስጥ ተቀርቅሯል።

አንኳኳሁ።

ኮቴ መጣ። የባሌ ኮቴ ነው፣ አውቀዋለሁ። በሩ ትንሽ ተከፈተ። እሱ ነው። ልቤ ተመለሰ።

«ተመስገን! ለምን ትተኸኝ...»

አየኝ። በትሕትና ነው ያየኝ፣ መንገድ የምትጠይቀውን ሴት እንደሚያይ።

«አቤት፣ እህቴ... ማንን ፈልገሽ ነው?»

ስሜን ልናገር ፈለግሁ። ስሜ ጠፋብኝ። የመጣልኝ እሱ ያወጣልኝ ስም ብቻ ነበር፣ እሱን ልል አፌን ስከፍት...

ከውስጥ ድምፅ ተሰማ።

«ማናት?»

የእኔ ድምፅ ነው። ያው አንገቴን ሳሰግግ የሚወጣው ድምፅ። ቅናቱ ሳይቀር።

ባሌም ሳቀ። ከሆዱ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ።

«ጀመረሽ ደግሞ! ኧረ ማንም አይደለችም፣ ማናት። ቤት ተሳስታ ነው።»

በሩ ሊዘጋ ሲል በክፍተቱ ወደ ውስጥ አየሁ። ሳሎኑ ውስጥ፣ ከፍ ባለው ወንበር ላይ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። አረንጓዴ ሻርፕ አድርጋለች።

ቀስ ብላ ዞረች። ሙሉ ለሙሉ።

ፊቷ የእኔ ፊት ነው።

ግን... ከእኔ ትንሽ ታምራለች።